ፈረሰኞቹ የጠፉባት ዲናር

ስለዚያች ዲናር በሮም ሁለት ወሬ አለ።

አንደኛው የገበያው ወሬ ነው። አንድ ወታደር ከከተማው ቅጥር ውጭ ባለው ሜዳ ደመወዙን ሲቀበል ብሩ ሁሉ ደህና ነበር፤ በአንድ ወገን የራስ ቁር የደፋችው ሮማ፣ በሌላው ወገን ጦራቸውን አዘንብለው የሚጋልቡት መንትያ አማልክት፣ ካስቶርና ፖሉክስ። ወታደሩ ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ ተኛ። ጠዋት ሲፈታው ከአንዷ ዲናር ላይ ፈረሰኞቹ የሉም። በቦታቸው የሮማ ፊት ወደ ውስጥ ጎድጉዶ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ይታያል፤ ከሬሳ ላይ የተነሳ የሰም መልክ ከውስጥ በኩል ሲያዩት እንደሚመስለው። መንትዮቹ ከተማይቱን ጥለው ሄደዋል ይላል ገበያው።

ሁለተኛው የብር መምቻ ቤቱ ሰዎች ወሬ ነው፤ እሱ አጭር ነው። አንዲት ብር ከላይኛው ማኅተም ጋር ተጣብቃ ቀረች። ሳትታይ ገና ያልታተመው ቀጣዩ ጥፍጥፍ ብር ከሥር ገባ፤ መዶሻው አረፈ። ፈረሰኞቹ የተቀረጹት በላይኛው ማኅተም ላይ ስለሆነ በተጣበቀችው ብር ተሸፈኑ፤ አዲሷ ብርም በፈረሰኞቹ ፈንታ የእህቷ ፊት ታተመባት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለሰሚው የሚያስፈራው የመጀመሪያው ይመስላል። ቀራጩን ዲፊሉስን ግን ብርድ ብርድ ያሰኘው ሁለተኛው ነበር። በመጀመሪያው ወሬ ውስጥ ጥፋተኛ የለም። በሁለተኛው ውስጥ ግን መዶሻ የያዘ ሰው አለ።

ጊዜው መጥፎ ነበር። በእርስ በርስ ጦርነቱ ያሸነፈው ጦር ከተማ ከገባ ወዲህ በአደባባዩ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሎ በጥቁር ቀለም ስም ይጻፍበታል። ስሙ የወጣ ሰው ባለበት ይገደላል፤ ገዳዩ ይሸለማል። ሰዉ በየማለዳው ሰሌዳውን ያነባል። የራሱን ስም ያላገኘ የጎረቤቱን ይፈልጋል፤ የጎረቤቱን ያገኘ ደግሞ እንዳላየ ሆኖ ወደ ዳቦ ቤት ይሄዳል። ስሞቹን የሚያጽፈውን የጦር አለቃ በስሙ የሚጠራ አልነበረም። «ያ ሰው» ይሉታል፣ እሱንም ግራ ቀኙን አይተው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ዲፊሉስ በካፒቶል ኮረብታ ላይ፣ ከሴት አምላኳ ከዩኖ ቤተ መቅደስ ጀርባ ባለው መምቻ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አዲስ ማኅተም ይቀርጽ ነበር። በማኅተም ላይ ሁሉም ነገር ግልብጥ ነው። በብሩ ላይ ወደ ቀኝ የሚጋልበው ፈረስ በብረቱ ላይ ወደ ግራ ይጋልባል፤ በብሩ ላይ ያበጠው ጉንጭ በብረቱ ላይ ይጎደጉዳል። ዲፊሉስ አማልክትን ያወቀው እንዲህ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጎድጓዳና ዞረው ነው ያያቸው። አንዳንዴ በቤተ መቅደስ የቆመ ምስል ሲያይ «ይሄ ምነው ተገለበጠ?» ይላል በልቡ።

የዩኖ ቤተ መቅደስ ዝዮች ጮኹ። እነዚህ ዝዮች ለእንግዳ ሰው ሁሉ ይጮኻሉ፤ ከዚያ ሰሌዳ በኋላ ግን ጩኸታቸውን ሰምቶ እጁ የማይቆም ሠራተኛ አልነበረም። መሮው ቆመ። ወናፉ ቆመ። የገባው ግን ኑሜሪየስ ቬቲዲየስ ነው፣ በዚያ ዓመት በብር መምታቱ ሥራ ላይ ከተሾሙት ሦስት ወጣት መኳንንት አንዱ።

«ዲፊሉስ፣ በሩን ዝጋው።»

«ብርሃን ያሳጣናል፣ ጌታዬ።»

«ዝጋው አልኩህ!»

ዘጋው። ቬቲዲየስ ከጉያው የተጠቀለለ ጨርቅ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈታው።  መንትዮቹን ለዚያ ዓመት ብር የመረጠው እሱ ነበር፤ ቤተሰቡ «አማልክቱ ለሮም ሊዋጉ በጥንቱ የሐይቅ ዳር ጦርነት የተገለጡ ዕለት ቅድመ አያታችን እዚያ ነበር» እያለ ስለሚኮራ።

ዲፊሉስ ብሯን ሲያይ መጀመሪያ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። እንዲህ ያለች ብር አልፎ አልፎ ትወጣለች፤ ስትገኝ ወደ ማቅለጫው ትመለሳለች፤ ባትገኝ ደግሞ ሐሜት ሆና ትቀራለች። ያ ጎድጓዳ ፊት ለሱ አዲስ አይደለም፣ በየቀኑ የሚያየው ነው። ከዚያ ብሯን ወደ ብርሃኑ አዘነበላት። ከሮማ ማጅራት ኋላ፣ ከጤፍ እምብዛም የማትበልጥ ምልክት አየ።

ቀንድ አውጣ።

ብሯን ወደ ዓይኑ አስጠጋት።

«አዎ፣ እኔም አይቻታለሁ» አለ ቬቲዲየስ። «እያንዳንዱ የታችኛው ማኅተም የራሱ ምልክት አለው አይደል? እንቁራሪት፣ ፋኖስ፣ ጫማ። ቀንድ አውጣው የማን መስፍ ላይ ነው?»

ምልክቶቹን የሚቀርጸው ዲፊሉስ ራሱ ነው። የትኛው ብር በየትኛው መምቻ ብረት፣ በየትኛው መስፍ ላይ እንደተመታ እንዲታወቅ ነው ዓላማው፤ ምኑን መቅረጽ እንዳለበት ግን ማንም አልነገረውም። ቀንድ አውጣውን ለቀልድ ነበር የቀረጸው። በዚያ መስፍ ላይ የሚሠራው ሰው ከሁሉም ቀርፋፋ ስለሆነ።

«መስፎቹ ይቀያየራሉ፣ ጌታዬ። ላስታውስ እስቲ።»

«እስከ ከሰዓት አስታውስ። ትሬቢየስ ይመጣል።»

ትሬቢየስ ለዚያ ሰው ሰዎችን የሚመረምርለት ነው። ከዚህ በላይ ስለሱ ማወቅ የሚፈልግ አልነበረም።

«ስለ አንዲት ብር?» አለ ዲፊሉስ።

«ስማኝ።» ቬቲዲየስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ሰው በከተማው በር ላይ በተደረገው ጦርነት ጊዜ መንትዮቹ ከጎኔ ቆመው ነበር ብሎ ለሠራዊቱ ተናግሯል። አሁን ሠራዊቱ ይህቺን ብር እየተቀባበለ ጥለውት ሄዱ ይላል። ያ ሰው አይዋሽም። እንግዲህ የሠራት ሰው ተንኮል አስቦ ነው ማለት ነዋ!»

«ተንኮል? ጌታዬ፣ ይሄ'ኮ ብር ስለተጣበቀ ነው። እርስዎም ያውቃሉ።»

«እኔ ማወቄ ምን ይረባል? ትሬቢየስ መስማት የሚፈልገው ከመቺው አፍ ነው። መቺው ደግሞ ባሪያ ነው።»

«መቺው በመጀመሪያው ጥያቄ እውነቱን ከተናገረስ?»

ቬቲዲየስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሲመልስ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሕጉን ታውቀዋለህ። ባሪያ ሳይሰቃይ የተናገረው እንዳልተናገረ ነው የሚቆጠረው።»

ዲፊሉስ ያውቃል። ከአራት ዓመት በፊት እሱም ባሪያ ነበር።

ቬቲዲየስ ብሯን ጠቅልሎ ሊወጣ ሲል ዞረ። «አንተ ነጻ ሰው ነህ፤ ቃልህ እንዲሁ ይሰማል። የመቺውን ስም ብቻ ትናገራለህ፣ ማንም አይነካህም። እኔም በሰላም እገባለሁ። እባክህ፣ ዲፊሉስ።»

መኮንን ነጻ የወጣን ባሪያ እባክህ ሲል ዲፊሉስ ሰምቶ አያውቅም። ከዛቻ ይልቅ ያ አስፈራው።

ወደ መምቻው ክፍል ሲገባ ሙቀቱ ፊቱን መታው። ጥፍጥፉን ብር በጉጠት ይዞ በመስፉ ላይ የሚያስቀምጠው ሶርያዊው ማልኪዮ ገና ከሩቅ ሲያየው ጮኸ።

«አያ ዲፊሉስ መጣ! ኧረ ቆቡን አስተካክሉለት፣ ኮከቡ ወድቆበታል!»

ሰዎቹ ሳቁ። ነጻ የወጣ ባሪያ የሚደፋት ክብ ቆብ ልክ መንትዮቹ በብሩ ላይ የሚደፏትን ትመስላለች፤ ልዩነቱ በመንትዮቹ ቆብ አናት ላይ ኮከብ መኖሩ ነው። ዲፊሉስ ግን አልሳቀም። ማልኪዮ ፊቱን አይቶ ጉጠቱን አስቀመጠ።

ከመስፉ ኋላ የቆመው ግዙፍ ሰው ቢቱስ ነው። የቀንድ አውጣው መቺ። የዲፊሉስ ታናሽ ወንድም።

ይህን ከላይ ያሉት አያውቁም። ሁለቱ በልጅነታቸው በአንድ መርከብ መጥተው በዴሎስ የባሪያ ገበያ ለተለያየ ሰው ተሸጡ። ዲፊሉስ የሚለውን ስም ያወጣለት ደላላ ነው፤ ቢቱስ እናቱ ባወጣችለት ቀረ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው በዚሁ ክፍል ነው የተገናኙት፤ ዲፊሉስ ያወቀው ሲያንጎራጉር በሰማው ዜማ ነው። ደግሞም ማሳወቁ ምን ዋጋ አለው? በሕግ ባሪያ ወንድም የለውም።

ከከሰሉ ክምር ኋላ ወሰደው። ማልኪዮም ተከተለ።

«ቀንድ አውጣዋ ላይ ብር ተጣብቆብህ ያውቃል?»

ቢቱስ እንደ ልማዱ ቆይቶ መለሰ። «አገኟት እንዴ?»

«ተናገር።»

«የሠራዊቱ ደመወዝ ነው፣ ፍጠኑ፣ ፍጠኑ ሲሉን የነበረ ጊዜ ነው። ማልኪዮ ሳል ይዞት ነበር…»

«ሳሉን ለምን ታነሳለህ?» አለ ማልኪዮ።

«ስለያዘህ ነዋ። ብሩን አስቀመጠ፣ መታሁ። ድምፁ ሌላ ሆነብኝ፤ ታፈነ። ብሯን ወደ ቅርጫቱ ከጣልኳት በኋላ ማኅተሙን ገልብጬ ሳይ ያቺኛዋ ተጣብቃ አየኋት። አላቀቅኳት። ከዚያ የጣልኳትን ፈለግኋት፣ አያ። ቅርጫቱን ሁሉ ገለበጥኩ። ሁሉም ይመሳሰላል፣ ሁሉም ያበራል።»

«ለምን ሳትነግረኝ?»

ቢቱስ መዳፉን በሽርጡ ጠረገ። «ቀንድ አውጣ ብለህ ትስቅብኛለህ ብዬ።»

ዲፊሉስ ትሬቢየስ እንደሚመጣ ነገራቸው። ማልኪዮ ወዲያው ሳል ጀመረው፤ አፉን በእጁ አፍኖ ዋጠው። ቢቱስ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ይምጣ። የሆነውን እነግረዋለሁ። መዋሸት የለብኝ።»

«ቢቱስ…»

«ምን? እውነቱ'ኮ ቀላል ነው። ማኅተሙን ይዤ አሳየዋለሁ።»

ዲፊሉስ ማልኪዮን አየው። ማልኪዮ መሬቱን አየ። «ንገረው እንጂ» አለ። «እሺ፣ እኔ ልንገረው። ድሮ በነበርኩበት ቤት አንዱን ጠየቁት። እውነቱን ተናገረ። ይጸናበት እንደሆን እንይ ብለው ደገሙት። ጸናበት። አሁንም ደገሙት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያላደረገውን ሁሉ አድርጌያለሁ አለ። የማያውቃቸውን ሰዎች ስም ጠራ። የእኔንም ጠርቶት ነበር፤ ደግነቱ ሲጠራው አፉ ተኮላትፎ ነበርና አልገባቸውም።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልወጣለትም።

ቢቱስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ትከሻዎቹን፣ ያንን ሁሉ ብር የመቱትን ትከሻዎች፣ እንደ ብርድ ያዘው ሰው አቀፈ።

«አያ፣ ያማል?» አለ።

ዲፊሉስ ወደ ማልኪዮ ዞረ። «እኔ ነኝ የመታሁት ብላቸውስ?» አለው።

«አንተ? በል ክንድህን አሳያቸው፣ ይሳቁ! ደግሞስ አንተ መምታትህን ለማረጋገጥ ማንን የሚጠይቁ ይመስልሃል?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሰው ግን እስኪጠራ አይቆይም።

ዲፊሉስ አየር ፍለጋ ወደ ውጭ ወጣ። ፀሐዩ ከአናት አልፏል። ከታች፣ ከአደባባዩ በሚወጣው አቀበት ላይ፣ አራት ሰዎች አንድ ነገር ተሸክመው ይመጣሉ። ከሩቅ የአልጋ እግር መሰለው። ቀረብ ሲሉ ግን አራት እግር ያለው ረጅም ግንድ፣ በሁለቱ ጫፍ ገመድ የተጠቀለለበት መዘውር አየ። ሰው አስረው የሚዘረጉበት እንጨት ነው። ሮማውያን ትንሿ ፈረስ ይሏታል።

ሄዶ በቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ሽማግሌው አሩንስ ተቀምጠው ዳቦ እየፈረፈሩ ለዝዮቹ ይጥላሉ። አሩንስ የበግ ጉበት እያዩ የአማልክቱን ፈቃድ የሚናገሩ የኤትሩርያ ሰው ናቸው፤ ስለ ብሯ አስተያየት እንዲሰጡ ተጠርተው መምጣታቸው ነበር።

«ፈረሷ መጣች» አሉ አሩንስ፣ ዝዮቹን እያዩ። «ጋላቢዋ ማነው?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«ታውቃለህ። የማያውቅ ሰው እንዲህ አይገረጣም።» ፍርፋሪ ጣሉ። «ልጅህ ነው?»

ዲፊሉስ ወደ አቀበቱ ተመለከተ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ለራሱም ሳይገባው፣ «ወንድሜ ነው» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ደነገጠ፤ ሊመልሰው የፈለገ ይመስል እጁን ወደ ከንፈሩ አነሳ።

 አንዱ ዝይ የሌላውን ፍርፋሪ ቀምቶ ሮጠ።

«ያቺን ብር እኔም አየኋት» አሉ ሽማግሌው። «ተጣብቃ ነው። ሞኝ አይደለሁም። ግን ምልክት ናት ከተባለ ሌላ ነው። ምልክት የአማልክት ሥራ ስለሆነ ማን ሠራው ተብሎ ባሪያ አይሰቀልበትም። በግ ታርዶ፣ ብሯ ተቀብራ፣ መሥዋዕት ቀርቦ ያልቃል። ሕጉም ልማዱም እንደዚያ ነው። ምልክት ባለቤት የለውም፤ ምስክር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።»

«ምን ዓይነት ምስክር?»

«በዓይኔ አየሁ የሚል። ነጻ ሰው።»

ዲፊሉስ ቆቡን ነካ አደረገ። «መንትዮቹ ሲሄዱ አየሁ የሚል ሰው… ያ ሰው…»

«አዎን። ያ ሰው ከጎኔ ናቸው ብሏል። ሄደዋል የሚል ያን ሰው ውሸታም አለው ማለት ነው። ባለፈው ሰሞን አንዱ ከቲቡር መጥቶ የጦርነት አምላኩ የማርስ ሐውልት አልቦት አየሁ ብሎ ነበር፤ በማግስቱ ስሙን ሰሌዳው ላይ አነበብነው።»

«እንግዲያው ሙት እያሉኝ ነው፣ አባቴ?»

«እኔ ምንም አላልኩህም። አርጅቻለሁ፤ ጉበት ነው የማየው።» ዳቦው አልቆባቸው እጃቸውን አራገፉ። «ደግሞ ልብ በል። መስክረህ ሄዱ ካልክ፣ ከተማው ሁሉ ይሰማል። በየቤቱ ሰው አማልክቱ ጥለውን ሄደዋል ብሎ ያድራል። እናቶች ያለቅሳሉ። ይህን ለመሸከም የሚችል ምላስ ያስፈልጋል። ምናልባትም አማልክቱ ራሳቸው ይሰሙ ይሆናል።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ዲፊሉስን ከሰሌዳው ይልቅ ቆነጠጠው። መንትዮቹን መጀመሪያ የቀረጸ ዕለት ቢቱስ ከኋላው ቆሞ አይቷቸው ነበር። ታሪኩን ነገረው፦ መንትዮቹ አንዱ ሟች፣ አንዱ የማይሞት ነበሩ፤ ሟቹ በውጊያ ሲወድቅ የማይሞተው የአማልክቱን ንጉሥ ለምኖ ሕይወቱን ለሁለት ከፈለ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከመሬት በታች፣ አንድ ቀን ከሰማይ ይውላሉ። «ተራ ገቡ በለኛ፣ ልክ እኛ ወናፍ ላይ ተራ እንደምንገባው!» ብሎ ነበር ማልኪዮ። ቢቱስ ግን ፊቱን ወደ ማኅተሙ አስጠግቶ «ሟቹ የትኛው ነው፣ አያ?» አለ።

«አይለዩም።»

«ቀራጩ አንተ ነህ፤ አንተ እንኳ አታውቅም?»

አያውቅም። ሁለቱንም አንድ አድርጎ ነው የቀረጻቸው። አሁን ስማቸውን ጠርቶ ሊዋሽባቸው ሲያስብ፣ እነዚያ ጎድጓዳ ፊቶች ሁሉ፣ እነዚያ በየመሳቢያው የተኙ ማኅተሞች ሁሉ፣ በጨለማው ውስጥ ወደሱ የዞሩ መሰለው። ያ ሁሉ ዘመን ሲቀርጻቸው ፈርቷቸው አያውቅም ነበር።

ዝዮቹ በአንድ ጊዜ ጮኹ።

ትሬቢየስ ወፍራም፣ ጨዋ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። በግቢው መካከል ወንበር አስቀምጦ ተቀመጠ። ትንሿ ፈረስ በቀኙ፣ ጸሐፊው በግራው። ጸሐፊው በጭኑ ላይ ነጭ ሰሌዳ ይዟል፣ ቀለሙን ከፍቷል። የመምቻ ቤቱ ሰዎች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ከወታደሮቹ አንዱ መዘውሩን ለሙከራ ሲያዞረው እንጨቱ ሲጢጥ አለ፤ ከሰዎቹ መካከል አንዱ የሳቀ መሰለ፣ ማልኪዮ ሳሉን ሲያፍን ነበር።

«ጉሮሮህን እናጽዳልህ እንዴ?» አለው ወታደሩ።

«የለም፣ ጌታዬ፣ ጸድቷል።»

«ዘይት ስጧት» አለ ትሬቢየስ ስለ ፈረሷ፣ ልክ ስለ እውነተኛ ፈረስ እንደሚናገር። ከዚያ ወደ ቬቲዲየስ ዞረ። «እሺ፣ ወጣቱ። ብሯ የማን ናት?»

«የቀንድ አውጣው ማኅተም ናት። ማን እንደመታት ቀራጩ ያውቃል።» ቬቲዲየስ ይህን ሲል ዲፊሉስን አላየውም።

«ቀራጩ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ዲፊሉስ። ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣ።

«ቆብህ ያስታውቃል። ነጻ ሰው ነህ፤ ደስ ይበልህ፣ እኔም ደስ ይለኛል፤ ነጻ ሰውን መጠየቅ ልፋት የለውም።» ወታደሮቹ ፈገግ አሉ። «አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ገበያው አማልክቱ ሄዱ ይላል። ገበያ ስም የለውምና ስሙን መጻፍ አልቻልንም። ከእናንተ ውስጥ ይህን ነገር በስሙ የሚለው ሰው ካለ፣» በአገጩ ወደ ሰሌዳው አመለከተ፣ «ቦታ አለን። ከሌለ ደግሞ ሥራችን ቀላል ነው። ያጣመመው እጅ ይገኛል፤ ለምን እንዳጣመመው ይናገራል፤ ሠራዊቱም ይሰማና ያርፋል። ገባህ?»

«ገባኝ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው በል። ብሯ የተመታች ዕለት በቀንድ አውጣው መስፍ ላይ መዶሻውን የያዘው ማነው?»

ዲፊሉስ ወንድሙን ላለማየት ወስኖ ነበር። አየው። ቢቱስ ትንሿን ፈረስ እያየ ነው፤ የሚገጥመውን በሬ እንደሚለካ ሰው፣ ርዝመቷን ከራሱ ቁመት ጋር የሚያስተያይ ይመስላል።   የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ያ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ ፍርሃት፣ በመርከቡ ውስጥ የወንድሙን እጅ ይዞ ያደረበት የልጅነት ፍርሃት፣ ዛሬ ደርሶ እዚህ ግቢ ቆሟል።

በደረጃው ላይ አሩንስ እንደተቀመጡ ናቸው። ወደሱ አያዩም። ወደ ዝዮቹም አያዩም። ባዶ መዳፋቸውን ነው የሚያዩት።

«አልሰማህም እንዴ?» አለ ትሬቢየስ።

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ አልላቀቅ አለው። እንደዚያች ብር። ቬቲዲየስ በከንፈሩ ብቻ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ «እባክህ» አለው። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። መዘውሩን የያዘው ወታደር ደግሞ የሰዎቹን ትከሻ ተራ በተራ እያየ፣ ቢቱስ ጋ ሲደርስ ዓይኑን አቆመ፤ ሥራው ነውና ትከሻ ያውቃል።

ቢቱስም ወታደሩን አየው። ቢቱስ ቀርፋፋ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። የወንድሙን አፍ ሲያይ፣ አፉ እንደማይከፈት ሲገባው፣ ትልቁን እጁን ከጎኑ ቀስ እያለ ማንሳት ጀመረ።

«ጌታዬ፣» አለ፣ «እኔ…»

«ዝም በል፣ አንተ!» ዲፊሉስ በጣም ስለጮኸ ዝዮቹ ክንፋቸውን እያራገቡ ተበተኑ። ወታደሮቹ ወደሱ ዞሩ። ቆቡን ከራሱ አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቃት አያውቅም፣ ግን እጁ መያዣ ፈልጎ ነበር፤ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጨበጣት። አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ከዚያ ሌላ፤ በትንሿ ፈረስና በወንድሙ መካከል ሲደርስ ቆመ።

ትሬቢየስ ቅንድቡን አነሳ። «ስምህን ለጸሐፊው ንገረው።»

«ዲፊሉስ። ነጻ ሰው፣ የዚህ ቤት ቀራጭ።» ድምፁ የሱ አልመሰለውም። «ቃሌ ያለ ፈረስ ይሰማል፣ ስለዚህ ይጻፍልኝ። መዶሻውን ማን እንደያዘ መጠየቅ አያስፈልግም፣ የሰው እጅ የለበትም። ያን ዕለት እዚህ ቆሜ ነበር። መንትዮቹ ከብሩ ላይ ተነስተው፣ ፈረሶቻቸውን እየሳቡ፣ በዚያ በር ሲወጡ በእነዚህ በሁለት ዓይኖቼ አይቻለሁ።»